ባሕር የመለሰችው ባዜቃ

የሰው ልጅ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር የጣለው ነገር ሁሉ ለዘለዓለም የተሰወረ ይመስለዋል። ውሃው ሰፊ፣ ጥልቁም የማይመረመር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቆሻሻ ቢገባበት ምን ይጎዳል እያለ ራሱን ያጽናናል። ነገር ግን ባሕር አደራ በላ አይደለችም፤ የተቀበለችውን ጊዜዋን ጠብቃ፣ መልኩን ለውጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመጠኑ አብዝታ ትመልሰዋለች። የምትመልሰውም ለጣለው ሰው ሳይሆን፣ ምንም ለማያውቅ፣ ገና በእናቱ ማኅፀን ላለ ሕፃን የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ ባዜቃ በባሕር አውሬዎች ሥጋ ውስጥ እንዴት እንደሚከማች፣ ከዚያም ተነሥቶ ወደ እናቶችና ወደ ሕፃናት እንዴት እንደሚደርስ የሚገልጽ ነገር ነው። ባዜቃ የምንለው ፈረንጆች ሜርኩሪ የሚሉትን፣ መልኩ እንደ ብር የሚያበራውን፣ ከማዕድን ወገን ሆኖ ሳለ እንደ ውሃ የሚፈሰውን ነገር ነው። በቀድሞው የትኩሳት መለኪያ ውስጥ ከፍና ዝቅ ሲል ያላየው ሰው ጥቂት ነው። የባሕር አውሬዎች ስንልም፣ በባሕር እየኖሩ እንደ ምድር እንስሳት አየር የሚተነፍሱትን፣ ልጅ ወልደው ጡት የሚያጠቡትን ማለታችን ነው፤ እነርሱም በግእዝ ዐንበሪ የሚባለው ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊን፣ ሲል የሚባለው የቀዝቃዛ ባሕር አውሬና እነዚህን የመሰሉት ናቸው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ባዜቃ ከጥንት ጀምሮ በምድር ሆድ ውስጥ ያለ ነው። እሳተ ገሞራ በሚፈነዳበት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ወደ አየር ይወጣል፤ ይህም የፍጥረት ሥራ ስለ ሆነ ማንም ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን ሰው የድንጋይ ከሰል ቈፍሮ በብዙ ማንደድ፣ ማዕድን ማቅለጥ፣ ሲሚንቶ መሥራት ከጀመረ ወዲህ፣ በድንጋይ ውስጥ ታስሮ የነበረው ባዜቃ ከጢስ ጋራ እየተፈታ ወደ አየር ይወጣ ጀመር። ደግሞም በብዙ አገር ወርቅ በእጃቸው የሚያወጡ ሰዎች የወርቁን ደቃቅ በባዜቃ ይሰበስቡና በእሳት ላይ ያደርጉታል፤ ወርቁ ሲቀር ባዜቃው ተንኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ በ2015 ዓመት ብቻ የሰው ሥራ ወደ አየር የለቀቀው ባዜቃ 2,220 ቶን ያኽል እንደ ነበረ ገምቷል፤ ከዚህም ውስጥ ከመቶው 38 እጅ በእጅ ከሚወጣው ወርቅ፣ ከመቶው 21 እጅ ያኽሉም ከድንጋይ ከሰል የመጣ ነው። ወደ አየር የወጣው ባዜቃ ለወራት በነፋስ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህም አንዱ አገር ያነደደው በሌላው አገር ባሕር ላይ ከዝናብና ከበረዶ ጋራ ይወርዳል።

ባሕር ከገባ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ሊቃውንት ባክቴሪያ የሚሏቸው፣ በዓይን የማይታዩት ረቂቃን ነፍሳት፣ ባዜቃውን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል ወደ ሌላ ዐይነት ይለውጡታል። ይህም ዐይነት ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ የከፋ ነው፤ ወደ ሥጋ በቶሎ ይገባል፣ ለመውጣት ግን ይዘገያል። በውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ደቃቃን ዕፀዋት ከባሕሩ ይወስዱታል፤ ዕፀዋቱን ደቃቃን ነፍሳት ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹንም ትልልቆች ይበሏቸዋል። በዚህ መሰላል ላይ አንድ ደረጃ በተወጣ ቍጥር፣ የበላተኛው ሥጋ ከተበላው ይልቅ ብዙ ባዜቃ ይይዛል፤ ምክንያቱም በላተኛው በዕድሜው ዘመን የሚበላው አንድ ዓሣ ሳይሆን ብዙ ሺህ ዓሣ ነውና፣ የእያንዳንዱ ዕዳ በእርሱ ላይ ይደመራል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በባሕሩ ውሃ ውስጥ ሊለካ እንኳ የሚያስቸግር የነበረው መጠን፣ በመሰላሉ ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ በሚሊዮን የሚቈጠር እጥፍ ሆኖ ይገኛል።

በመሰላሉ ጫፍ ላይ ከተቀመጡትም ዋነኞቹ እነዚህ ጡት የሚያጠቡት የባሕር አውሬዎች ናቸው። ደማቸው ሞቃት ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ለመኖር ብዙ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ ወደ ፊት ታሪኩን የምንናገርለት ጥቍሩ ዓሣ ነባሪ፣ ዘወትር የሚመገበው ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ ነው፤ እንስቲቱም እስከ 60 ዓመት ትኖራለች። እንግዲህ የሸመገለ ዓሣ ነባሪ፣ የብዙ ዓመት ሒሳብ ሳይፋቅ እንደ ተጻፈበት መዝገብ ነው። መዝገቡን ገልጦ ያነበበ ሰው የእንስሳውን ብቻ ሳይሆን የባሕሩንም ታሪክ ያገኛል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ይህን ያኽል መርዝ የተሸከመ እንስሳ እንዴት በሕይወት ይኖራል ብለው የጠየቁ ሊቃውንት፣ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሲልን፣ የዶልፊንንና የዓሣ ነባሪን ጉበት መረመሩ። ባዜቃ በበዛበት ጉበት ውስጥ ሴሌኒየም የሚባለው ሌላ ንጥረ ነገር በዚያው ልክ በዝቶ አገኙት። የእንስሳው አካል ሜቲል ሜርኩሪውን ይፈታና ከሴሌኒየም ጋራ አጣምሮ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ድንጋይ ከሆነም በኋላ ጕዳቱ እጅግ ይቀንሳል። ጉበቱ ለመርዙ ወኅኒ ቤት ሆነለት ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ጋሻ ፍጹም አይደለም፤ በቀይ ሥጋው ውስጥ የሚገኘው ባዜቃ ከፍ ያለው ክፍል አሁንም ያው ክፉው ዐይነት ነው። የሰውም ልጅ፣ ይልቁንም ገና ያልተወለደው፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ መከላከያ የለውም።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ባዜቃ ከጥንትም በባሕር የነበረ ከሆነ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ ይል ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ጥርስ፣ ጠጕርና ላባ ናቸው፤ እነዚህ ሳይበሰብሱ ብዙ ዘመን የሚቈዩ ምስክሮች ናቸውና። በሰሜን ዋልታ አገሮች የሚሠሩ ሊቃውንት፣ ከጥንት መንደሮች ተቈፍሮ የወጣውን የነጭ ዓሣ ነባሪ ጥርስ፣ በቤተ መዘክር ተጠብቆ የኖረውንም የነጭ ድብ ጠጕርና የአዕዋፍ ላባ ከዛሬው ጋራ አመዛዘኑ። በእነዚህ እንስሳት ውስጥ ያለው ባዜቃም ባለፉት 150 ዓመታት ውስጥ በአማካይ 10 እጥፍ ያኽል እንዳደገ አገኙ። ከዚህ የተነሣ፣ በዛሬው የዋልታ አውሬ ሥጋ ውስጥ ካለው ባዜቃ ከመቶው 90 እጅ በላይ የሚሆነው በሰው እጅ የመጣ ነው ብለው ፈረዱ።

ይህ ሁሉ ስለ አውሬ ብቻ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ለቤተ ሰብ ገጽ ባልተገባ ነበር። ነገር ግን ከዚህ መሰላል በላይ አንድ ደረጃ ይቀራል፤ በዚያም ላይ የዓሣ ነባሪን ሥጋ የሚበላው ሰው ይገኛል። በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ የሚኖሩት ሕዝቦች፣ በጃፓንም አንዳንድ የባሕር ዳር መንደሮች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት የባሕር አውሬ እያደኑ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩ ተጠንቅቆ የተመረመረው በፋሮ ደሴቶች ስለ ሆነ፣ ከእንግዲህ ወዲህ የምንናገረው ስለዚያ አገር ነው።

የፋሮ ደሴቶች ቍጥራቸው 18 ሲሆን፣ የሚገኙት በሰሜን አትላንቲክ ባሕር፣ በስኮትላንድ፣ በኖርዌይና በአይስላንድ መካከል ነው። በዴንማርክ ዘውድ ሥር ሆነው ከ1948 ጀምሮ የውስጥ አስተዳደራቸውን በገዛ እጃቸው ያካሂዳሉ፤ የሕዝቡም ቍጥር 54 ሺህ ያኽል ነው። ነፋስ የሚበረታበት፣ ዛፍ የማይበዛበት፣ እህልም እንደ ልብ የማይበቅልበት አገር ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመት የኖረው በበግ፣ በዓሣ፣ በባሕር ወፍና በዓሣ ነባሪ ነው። የጥቍሩ ዓሣ ነባሪ መንጋ ወደ ደሴቶቹ ቀርቦ በታየ ጊዜ፣ የመንደሩ ሰዎች በጀልባ ወጥተው እየከበቡ ወደ ወሽመጥ ይነዱታል፤ በዳርቻውም ያርዱታል። ከዚያም የወረዳው ሹም እያንዳንዱን ዓሣ ነባሪ አስለክቶ፣ ቍጥር ሰጥቶ፣ ለአዳኞቹና ለመንደሩ ቤተ ሰቦች ድርሻ ድርሻቸውን ይመድባል። በጥንቱ ሥርዐት ሥጋው የሚከፋፈለው ያለ ዋጋ ነው፤ መበለቲቱና ሽማግሌውም አይረሱም። የዚህ አደን መዝገብ ከ1584 ጀምሮ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1709 ወዲህ ያለው ሳይቋረጥ የተጻፈ ነው። እንግዲህ የዓሣ ነባሪ ሥጋ ለፋሮ ሰው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የአባቶች ቅርስ፣ የጎረቤት ፍቅር፣ በክፉ ዘመንም ከረኃብ ያዳነ ባለ ውለታ ነው።

የሐኪሞች ልብ ወደዚህ አገር ያዘነበለበትን ምክንያት ለማወቅ፣ ቀድሞ በጃፓን የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በሚናማታ ከተማ ቺሶ የሚባለው ኩባንያ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ ባዜቃ ያለበትን የፋብሪካ እጣቢ ወደ ባሕር ወሽመጥ ያፈስ ነበር። የወሽመጡን ዓሣ የበሉ ድመቶች እንዳበደ እየተሽከረከሩ ሞቱ፤ በ1956ም በሽታው በሰው ላይ መድረሱ በይፋ ታወቀ። የታመሙት ሰዎች እጅና እግራቸው ይደነዝዛል፣ ዓይናቸው ዙሪያውን ማየት ይሳነዋል፣ አንደበታቸው ይተሳሰራል፣ ብዙዎችም ሞቱ። ከሁሉ የከፋው ግን በእናቶች ላይ እምብዛም ሕመም ሳይታይ፣ የወለዷቸው ልጆች አእምሯቸውና አካላቸው ተጎድቶ መገኘቱ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእንግዴ ልጅ ለጽንሱ እንደ ቅጥር ሆኖ መርዝን ይከለክላል ተብሎ ይታመን ነበር። ሜቲል ሜርኩሪ ግን ቅጥሩን ያልፋል፤ እንዲያውም በእትብቱ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በእናቲቱ ደም ውስጥ ካለው ይበልጣል። እናት ሳታውቀው ሸክሟን ለልጇ ታካፍላለች።

በፋሮ ደሴቶች እንደ ሚናማታ ያለ ፋብሪካ አልነበረም፤ እንደ ሚናማታም የታመመ ሰው አልታየም። ነገር ግን የዓሣ ነባሪው ሥጋ በተመረመረ ጊዜ፣ በአንዱ ኪሎ ውስጥ በአማካይ 2 ሚሊ ግራምና ከዚያም የሚበልጥ ባዜቃ ተገኘበት፤ በብዙ አገር ግን ለሽያጭ የሚቀርበው ዓሣ አብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ግራም፣ ትልልቁም አዳኝ ዓሣ ከ1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኖ ቈይቷል። ስለዚህም ጥያቄው እንዲህ ሆነ፤ ማንንም በግልጽ ሳያሳምም፣ ጥቂት በጥቂት በእናት ማዕድ በኩል የሚገባው ባዜቃ የሕፃኑን አእምሮ ይነካልን ወይስ አይነካም?

ይህን ለማወቅ ዴንማርካዊው ሐኪም ፊሊፕ ግራንጃንና የደሴቶቹ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ፓል ቫይሄ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። በ1986 እና በ1987 የተወለዱትን 1,022 ሕፃናት መዘገቡ። ልጁ በተወለደ ጊዜ ከእትብቱ ጥቂት ደም ወሰዱ፤ ከእናቲቱም ራስ ጥቂት ጠጕር ቈረጡ። ጠጕር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያኽል ስለሚያድግና ባዜቃውን ይዞ ስለሚቀር፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ምን ያኽል ባዜቃ እንደ ተቀበለች እንደ ደብዳቤ ይነበብበታል። ሐኪሞቹም በትዕግሥት ቈዩ፤ ልጆቹ 7 ዓመት በሆናቸው ጊዜ ከእነርሱ 917ቱን ጠርተው መረመሯቸው። ሥዕል እያሳዩ የነገሩን ስም ጠየቋቸው፤ የተነገራቸውን ቃል መልሰው እንዲያስታውሱ፣ አንድ ነገር ላይ ሳይዘናጉ ልባቸውን እንዲያሳርፉ፣ ጣታቸውንም በፍጥነት እንዲያንቀሳቅሱ አደረጓቸው።

ውጤቱ በ1997 ታትሞ ወጣ። ልጆቹ ታመው የተገኙ አይደሉም፤ እንደ ማናቸውም ልጅ ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ነገር ግን በእትብታቸው ደም ባዜቃ በብዙ የተገኘባቸው፣ ጥቂት ከተገኘባቸው ይልቅ በቋንቋ፣ በማስተዋልና በማስታወስ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ባዜቃው በእጥፍ ሲያድግ፣ የልጁ አእምሮ ከእድሜ እኩዮቹ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያኽል እንደ ዘገየ ይቈጠራል። ይህ ለአንድ ልጅ ቢታሰብ ትንሽ ይመስላል፤ ወላጅም፣ መምህርም ላያስተውለው ይችላል። ለአንድ ሕዝብ ልጆች ሁሉ በታሰበ ጊዜ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። ልጆቹ 14 ዓመት በሆናቸው ጊዜ እንደ ገና ተመርምረው፣ ጕዳቱ ከዕድሜ ጋራ እንዳልጠፋ ታወቀ።

እውነትን ለመናገር፣ ነገሩ ክርክር ያልተነሣበት አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ በሲሸልስ ደሴቶች፣ ዓሣ አዘውትረው በሚበሉ እናቶችና በልጆቻቸው ላይ የተደረገው ሌላ ትልቅ ምርመራ እንዲህ ያለ ግልጽ ጕዳት አላሳየም። የሲሸልስ እናቶች የሚበሉት ግን የውቅያኖስ ዓሣ እንጂ የዓሣ ነባሪ ሥጋ አይደለም፤ በዓሣው ውስጥ ያለው ጠቃሚ ቅባት ለሕፃኑ አእምሮ የሚረዳ መሆኑም የታወቀ ነው። በዓሣ ነባሪው ስብ ውስጥ ደግሞ ፒ.ሲ.ቢ. የሚባሉት፣ ፋብሪካ የፈጠራቸው ሌሎች መርዞች ይገኛሉ። የአሜሪካ የሊቃውንት ምክር ቤት በ2000 ሁለቱንም ምርመራዎች ካመዛዘነ በኋላ፣ ለጥንቃቄ መሠረት እንዲሆን የፋሮውን መረጠ። የዓለም የጤናና የእርሻ ድርጅቶች የሊቃውንት ጉባኤም በ2003፣ ሰው በሳምንት ያለ ፍርሃት ሊቀበለው ይችላል ተብሎ የነበረውን የሜቲል ሜርኩሪ መጠን፣ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ3.3 ወደ 1.6 ማይክሮ ግራም ዝቅ አደረገው። እንግዲህ የጥቂት ደሴቶች እናቶች የሰጡት አንድ ጕንጕን ጠጕር፣ ለዓለም ሁሉ ሕፃናት ጥበቃ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሐኪሞቹ ከባድ ሥራ መጣ። መርዙን በመሣሪያ መለካት አንድ ነገር ነው፤ ለገዛ ወገን፣ አባቶቻችሁ የበሉትን ተዉ ብሎ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። የደሴቶቹ የጤና ሹማምንት ከ1977 ጀምሮ ሕዝቡ ጉበቱንና ኩላሊቱን እንዲተው፣ ሥጋውንም በልክ እንዲበላ ይመክሩ ነበር። በ1998 ምክሩ ጠነከረ፤ ያረገዘች፣ የምታጠባ ወይም በሦስት ወር ውስጥ ለመፀነስ የምታስብ ሴት ሥጋውን ፈጽማ እንዳትበላ፣ ሴቶች ልጆችም ልጅ ወልደው እስኪጨርሱ ድረስ ስቡን እንዲተዉ ተነገራቸው። በ2008ም ፓል ቫይሄና የአገሩ ዋና ሐኪም ሆግኒ ዴበስ ዮንሰን፣ ጥቍሩ ዓሣ ነባሪ ከእንግዲህ ወዲህ ለሰው ምግብ ባይሆን ይሻላል ብለው ለመንግሥት ጻፉ። ይህን ምክር የሰጡት በታላቅ ኀዘን መሆኑን፣ ዓሣ ነባሪውም ብዙ የፋሮ ሰዎችን ለብዙ ዘመን በሕይወት ያኖረ መሆኑን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ባለ ውለታውን የሚያሰናብት ሰው ቃል እንዲህ ያለ ነው።

ሕዝቡ ሁሉ ምክሩን በአንድ ልብ አልተቀበለም። ሽማግሌዎች፣ እኛ ይህን እየበላን ኖረናል፣ ምን ሆንን አሉ። ሌሎችም፣ የውጭ አገር ሰዎች አደናችንን ለማስተው የፈጠሩት ምክንያት ነው ብለው ጠረጠሩ። የአገሩ የምግብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2011 ፈጽሞ ይቅር ከማለት ይልቅ፣ አዋቂ ሰው በወር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይበላ፣ ሴቶችም ቀድሞ በተነገረው ጥንቃቄ እንዲጸኑ መከረ። አደኑም ዛሬ ድረስ አልቀረም። ነገር ግን አንድ ወገን ሳይከራከር ሰማ፤ እርሱም ወጣት እናቶች ናቸው። ከምክሩ በኋላ በወለዱት ሴቶች ጠጕርና በሕፃናቱ እትብት ደም ውስጥ የተገኘው ባዜቃ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ዝቅ አለ። ባሕሩ አልጠራም፣ ዓሣ ነባሪውም አልነጻም፤ የተለወጠው የእናቶቹ ማዕድ ብቻ ነው። ሜቲል ሜርኩሪ በሰው ደም ውስጥ እኩሌታው ተወግዶ ለመጕደል ሁለት ወር ያኽል ስለሚወስድበት፣ አስቀድማ የተጠነቀቀች ሴት ልጇን በእርግጥ ታድነዋለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፍርድን የሚወድ ሰው ሳያዝን የማያልፈው አንድ ነገር አለ። የፋሮ ዓሣ አጥማጅ በባሕሩ የተገኘውን ባዜቃ ያመጣው እርሱ አይደለም፤ የግሪንላንዱም አዳኝ የድንጋይ ከሰል ፋብሪካ አልሠራም። ዕዳውን የገቡት ሌሎች፣ የሚከፍሉት ግን እነዚህ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መጀመሪያ የሚከፍለው ያልተወለደው ሕፃን ነው። መንግሥታት ይህን ተመልክተው በጥቅምት ወር 2013 በጃፓን ተሰብስበው፣ በሚናማታ ስም የተጠራውን የባዜቃ ውል ተዋዋሉ፤ ውሉም ከነሐሴ ወር 2017 ጀምሮ ጸና። በዚህ ውል አዲስ የባዜቃ ማዕድን ማውጫ መክፈት ተከለከለ፤ ባዜቃ ያለባቸው የትኩሳት መለኪያዎችና ሌሎች ዕቃዎችም ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና ወደ ውጭ አገርም እንዳይላኩ ተወሰነ። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን በባሕር የገባው ባዜቃ በአንድ ትውልድ የሚጠፋ ስላልሆነ፣ ዋናው ጥበቃ ገና ለብዙ ዘመን በቤት ውስጥ ይቀራል።

ዓሣ ነባሪ በማይበላበት አገር የሚኖር አንባቢም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። መሰላሉ በባሕር ብቻ አይደለም የተተከለው። በአገራችን በሐዋሳ ሐይቅ ተደርጎ በ2006 የታተመው ምርመራ፣ ባርቡስ ከሚባለው ዓሣ ወገን ትልልቆቹ፣ ሌላ ዓሣ የሚበሉት፣ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ባዜቃ እንደሚይዙ አሳይቷል። ዓሣን መብላት በብልሃት የሚለው ተረት እሾኹን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። ዓሣ ለእናትም ለልጅም ጠቃሚ ምግብ ነውና መተው አይገባም፤ ብልሃቱ በመምረጥ ነው። ዕፀዋት የሚበላው እንደ ቆሮሶ ያለው ዓሣ፣ ከባሕርም ሰርዲን የሚባለው ትንሹ ዓሣ ባዜቃው ጥቂት ነው። ሻርክንና ሰይፈኛውን ዓሣ የመሰሉትን ትልልቅ አዳኞች፣ ያረገዘች፣ የምታጠባና ለመፀነስ የምታስብ ሴት ብትተዋቸው ይሻላል፤ ለሕፃናትም አይስጧቸው። ባዜቃው ከቀይ ሥጋው ጋራ የተዋሐደ ስለ ሆነ፣ ስቡን መላጨት ወይም ማጠብ፣ መቀቀልም ቢሆን አያወጣውም።

ስለ ቤት ዕቃም ሁለት ቃል እንጨምር። የቀድሞው የትኩሳት መለኪያ ተሰብሮ ባዜቃው ቢፈስ፣ ልጆችን አርቆ መስኮት መክፈት፣ የተበተነውንም ጠብታ በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ መዝጋት ይገባል እንጂ በመጥረጊያ መጥረግ አይገባም፤ መጥረጊያው ይበታትነዋልና። ደግሞም የፊትን መልክ ያቀላል እየተባለ በብዙ አገር ገበያ ከሚሸጠው ቅባትና ሳሙና አንዳንዱ ባዜቃ ያለበት መሆኑ በምርመራ ተገኝቷል። እናት ለውበት ብላ የምትቀባው በቆዳዋ ገብቶ ወደ ጽንሱ ሊደርስ ስለሚችል፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት በቤቷ ባታስገባ ይበጃል።

የፋሮ እናቶች የአባቶቻቸውን ማዕድ ሳይንቁ፣ የልጆቻቸውን አእምሮ ግን ከማዕዱ አስቀደሙ። ቅርስ የሚወረሰው ልጅ ሲኖር ነው፤ የልጅም ትልቁ ቅርስ ያልተጎዳ አእምሮ ነው። ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት ወደ ማዕዳቸው የሚቀርበውን ሁሉ ከየት እንደ መጣ ይጠይቁ፤ የመንግሥት ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንትም ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ የሚጣለውን ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ። ሁለቱ ጥያቄዎች በውነቱ አንድ ጥያቄ ናቸው።